አሥራ አንድ ቁጥር የተቆጠረ ዕለት

የስብሰባ አዳራሽ የሚባል ነገር ያንገሸግሻታል። ድሮማ አዳራሽ የት ታውቅና! ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ የምታውቀው አሥራ አንድ ቁጥር አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላ በር አጠገብ ያለችውን የትኬት ቆራጭ ወንበር ብቻ ነበር። እዚያች ላይ ተቀምጣ፣ አውራ ጣቷ በትኬት ቀለም ጠቁሮ፣ ጡረታ ወጣች። ሰፈርተኛው ስሟን ከረሳው ቆይቷል። "ጠጋ በሉ" ነው የሚላት፤ የሚያከብራት ደግሞ "እትዬ ጠጋ በሉ"። በር ላይ ተንጠልጥሎ የቀረ ሰው ባየች ቁጥር፣ "ጠጋ በሉ! ጠጋ ጠጋ! ፍቅር ካለ ቦታ አይጠፋም!" እያለች፣ ስንቱን ተማሪ፣ ስንቱን ቀን ሠራተኛ፣ ስንቷን እርጉዝ አስገብታ በር ዘግታለች።

አሥራ አንድ ቁጥር ከድንጋይ መፍጫው ማዶ ካለው የከተማው ዳርቻ ተነስቶ መሃል ከተማ ሆስፒታሉ በር ድረስ የሚሄድ ብቸኛ መስመር ነው። ሌላ የለም። ታክሲው ዳገቱን አይወድም፤ መንገዱም ጎማ ይበላል። ይህንን ደግሞ ከባሏ በላይ የሚያውቅ አልነበረም፣ ጎሚስታ ነበራ። የጭነት መኪና ጎማ ብቻውን ፈትቶ ብቻውን የሚያስር ጉልበታም ነበር፤ ኩላሊቱ ከዳው። አሁን ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ሆስፒታል ሄዶ ማሽኑ ላይ ይተኛና ደሙ ታጥቦ ይመለሳል። "እንዴት ዋልክ?" ሲሉት፣ "ካርቡራተሬን አስጠርጌ መጣሁ" ይላል። ይቀልዳል እንጂ አንድ ቀን ከቀረ እግሩ ያብጣል፣ ትንፋሹ ያጥረዋል።

አምና አውቶቡሱ አምስት ሳምንት ቆሞ ነበር። ለምን? ከተማው "ተሳፋሪዎቹ የዳርቻው ሰዎች ናቸው፣ ድጎማውን የዳርቻው ምክር ቤት ይክፈል" ይላል። ዳርቻው በበኩሉ "ሥራውም ሆስፒታሉም ያለው ከተማው ውስጥ ነው፣ ከተማው ይክፈል" ይላል። በየዓመቱ በጀት ሲያልቅ እንዲህ ይባባላሉ፣ አውቶቡሱም ይቆማል። ያኔ ጎሚስታውን በድንጋይ መኪና ጭነው ነው የወሰዱት፤ አቧራ ለብሶ ሆስፒታል ሲገባ ነርሷ የህንጻ ሠራተኛ መስሏት ነበር። ጠጋ በሉ ያን ቀን ማለች። ደብተር ገዝታ ቤት ለቤት ፊርማ መሰብሰብ ጀመረች። የምትለው አንድ ነገር ነው። ሁለቱም ምክር ቤቶች በየዓመቱ ድርሻቸውን የሚያስገቡበት፣ በደንብ የጸደቀ ቋሚ ድጎማ ይኑር። "ውኃ በየዓመቱ ይለመናል? መብራት በየዓመቱ ይለመናል? ታዲያ አውቶቡሱ ምን በደለ?" ትላለች።

ከዚያ በኋላ ያየችውን ቢሮ ብዛት አታንሱት። የከተማው ትራንስፖርት ሹም ክፍል አበባ አበባ በሚሸት ሽቶ ታፍኗል፣ የሶፋው ፕላስቲክ እንኳ አልተነሳለትም። ሰውየው አውቶቡስ ላይ ወጥቶ አያውቅም። "እናቴ" ይላታል። እናቴ የሚላት ሰው ሁሉ ሊያሰናብታት ሲል እንደሆነ ቶሎ ገባት። አንድ ቀን ደግሞ አፍንጫውን ሰብስቦ፣ "እናንተ መስመር ላይ እኮ ሥርዓት የለም። አንድ ጊዜ በመኪና ሳልፍ አየሁት፤ ሰው እንደ ከብት ተጭኖ! ለዚህ ነው ድጎማ የምትጠይቁት?" አላት። እንደ ከብት! ማን ነው እንደ ከብት ያስጫናቸው? ይህንን መመለስ ሲገባት ፊቷ ቀላ፣ ደብተሯን ይዛ ወጣች። ነገሩ ግን እንደ እሾህ ሆዷ ውስጥ ተቀመጠ።

ዘጠኝ ወር ከተመላለሰች በኋላ ሹሙ ራሱ ደወለላት። "እናቴ፣ ደስ ይበልሽ። ማክሰኞ ጠዋት ባለሙያዎች መጥተው የመስመሩን ተሳፋሪ ይቆጥራሉ። ሁለቱ ምክር ቤቶች ያንን አይተው ይወስናሉ።"

እሰይ! ስልኩን ዘግታ ብቻዋን እልል አለች። ወዲያው ግን ሐሳብ ገባት። እንግዳ ሊመጣ ነው፤ ቤቱስ? የጠዋቱ አሥራ አንድ ቁጥር በዓይኗ መጣ። ሰው በሰው ላይ፣ ላብ በላብ ላይ፣ የጎመን ሻጯ ማዳበሪያ መተላለፊያው ላይ ተጋድሞ፣ የአናጺው መጋዝ የሰው ብብት ውስጥ ገብቶ፣ በሩ አልዘጋ ብሎ። "ይህንን ጉድ አይተው ድጎማ ሊሰጡን? ሞቼ ነው! እንደ ከብት ነው የሚሉን ደግመው" አለች።

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ሰፈሩን ዞረች። "ነገ ከተቀመጠ ሰው በላይ አንድ ሰው እንዳይወጣ! ወጣቶች በእግራችሁ። አናጺዎች፣ መጋዛችሁን እንዳላይ። አንቺ፣ ማዳበሪያሽን ነገ ተይው" አለቻት ጎመን ሻጯን።

"ማዳበሪያዬን ትቼ ምን ልሸጥ ነው የምሄደው፣ እትዬ?"

"አንድ ቀን ብትቀሪ ጎመንሽ አይናፍቅሽም!"

ማን እምቢ ይላታል? አስገብታው የማታውቅ ሰው የለም። ሹፌሩ እንኳ አውቶቡሱን በሳሙና አጠበው። የተጠራጠረ አንድ ሰው ቢኖር ባሏ ነበር። አልጋው ላይ ተደግፎ፣ "አንቺ ሴትዮ፣ በሽተኛ ሐኪም ፊት ሲቀርብ ደህና ነኝ ይላል እንዴ?" አላት።

"አንተ ደግሞ! ሁሉን ነገር በበሽታ አትለካው" አለችና ብርድ ልብሱን አስተካክላለት ወጣች።

ማክሰኞ አሥራ አንድ ቁጥር ሙሽራ መስሎ ተነሳ። መስኮቱ ያበራል። ሁሉም ተቀምጧል፣ ማንም አልቆመም፣ ማንም ጮክ ብሎ አላወራም። ሁለቱ ወጣት ቆጣሪዎች እሷ ከፊት ባስለቀቀችላቸው ወንበር ላይ ታብሌታቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። አንደኛዋ ፈገግ ብላ፣ "ጸጥ ያለ መስመር ነው" አለች። ጠጋ በሉ ደስ አላት። በመስኮት ስታይ በዳገቱ ጥግ ጥግ ሰው በእግሩ ይወርዳል፤ አናጺዎቹ፣ የጽዳት ሠራተኞቹ፣ ሞግዚቶቹ፣ ከስልሳ ሰው በላይ ነበር። ጎመን ሻጯ ባዶ እጇን አውለበለበችላት። እሷም በኩራት እጇን አነሳችላት፤ ቆጣሪዎቹ ግን አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አላዞሩም።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አዳራሽ ተጠራች። ያ አዳራሽ! ፊት ለፊት የከተማው ሹምና የዳርቻው ሹም፣ በሰላም ቀን ሰላም የማይባባሉት፣ ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠዋል። የታሸገ ውኃ በየሰዉ ፊት ተደርድሯል፤ ጠርሙሱ ላይ "ለሕዝብ እንሠራለን" የሚል ተለጥፎበታል። በውኃም ይፎክራሉ! ቆጣሪዋ ወጣት ተነስታ አነበበች። በጠዋቱ ዋና ሰዓት በአሥራ አንድ ቁጥር ቆሞ የተጓዘ ሰው የለም። መጨናነቅ የለም። ጭነት የለም። የሕዝቡ ፍላጎት ዝቅተኛ ነው። ስለዚህ ቋሚ ድጎማ አያስፈልገውም፤ ከመጪው ወር ጀምሮ መስመሩ በሳምንት ሁለት ቀን፣ ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ ይሠራል።

ተጨበጨበ። የማይከፍሉበትን ምክንያት አገኙ፣ ለምን አያጨበጭቡ! ሁለቱ ሹሞች ተያይተው አንገታቸውን ነቀነቁ።

ጠጋ በሉ ጆሮዋ ጭው አለ። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች! ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ከሦስቱ ቀን አንዱም የለም። ጎመን ሻጯ ከጎኗ ነበረች፤ ክንዷን ያዘቻት።

"እትዬ፣ ዝም በይ። ዝም አይነቅዝም። ብትናገሪ ይስቁብሻል።"

"ይሳቁ" አለችና ተነሳች። "ሰዉን ያስቀረሁት እኔ ነኝ።" ወደ ሹሞቹ ዞረች። "እንግዳ መጣ ብዬ፣ እንዳታፍሩብን ብዬ፣ ስልሳ ሰው በእግሩ እንዲሄድ አደረግኩ። ያያችሁት አውቶቡስ የእኛ አውቶቡስ አይደለም።"

አዳራሹ ሳቀ። መቼም ሳቅ አይነት አለው፤ ይህኛው ጥርስ ብቻ ነበር። የከተማው ሹም ዓይኑን በመሐረብ ጠርጎ፣ "ታዲያ እናቴ፣ ማንን እንክሰስ?" አለ። ደግሞ ተሳቀ።

"ማንንም አትክሰስ። ነገ ጠዋት ና። አንድ ቀን ብቻ። ከእኛ ጋር ቆመህ ሂድ።"

"ነገ ፕሮግራም አለብኝ።"

"ከነገ ወዲያ ና።"

"ጥናቱ ተፈርሟል እኮ፣ እናቴ። ለከርሞ እንቆጥራለን።"

ውኃው፣ ከረባቱ፣ እዚህም ድረስ ተከትሎት የመጣው ያ የአበባ ሽቶ፣ ሁሉም አስጠላት። ከሁሉ ከሁሉ ራሷ አስጠላቻት። ይህ ሰው እንዳይጸየፋቸው ብላ የገዛ ጎረቤቶቿን እንደ ቆሻሻ ጠርጋ ደበቀች! "እኔ ያፈርኩት በራሴ ሰዎች ነው" አለች። "ማፈር የነበረብኝ ግን በእናንተ ነበር።" ሹሙ ሰዓቱን አየ፤ የዳርቻው ሹም ስብሰባው መዘጋቱን ተናገረ።

በማግስቱ ሆስፒታል ሄዳ የባሏን ቀን እንድትቀይርላት ነርሷን ለመነች። ማክሰኞና ቅዳሜ ማሽኖቹ ሁሉ ሰው አላቸው፤ ደግሞ ሁለት ቀን አይበቃውም። ሰው ካልሞተ ቦታ አይለቀቅም፣ ነርሷም ይህንን ስትናገር መሬት መሬቱን ነበር የምታየው። እንግዲህ የቀረው ጎሚስታው እህቱ ቤት እንዲቀመጥ ነው። ከሆስፒታሉ ጀርባ ነው ያለችው፣ በእግር ያስኬዳል፤ ግን ቤቷ ጠባብ ናት፤ እቃ ከምታስቀምጥበት ክፍል ለአንድ አልጋ የሚሆን ቦታ ብቻ ለቀቀችለት። ለሁለት ሰው አይሆንም። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳር ተለያይተው ያደሩት አማቷ ሲሞቱና እሷ ስትወልድ ብቻ ነው።

ሰፈርተኛው ማን ጥፋተኛ እንደሆነ ሰምቷል። አንድ ሰው እንኳ ፊት አልነሳትም፤ እሱ ነው ይበልጥ ያቃጠላት። "እኛስ ማን አስገደደን? በእግራችን ነው የሄድነው" አሏት። ቢሰድቧት ይሻላት ነበር።

የወሩ የመጨረሻ ቀን ዓርብ ዋለ። ያን ዕለት አሥራ አንድ ቁጥር ጢም ብሎ ሞላ። ማዳበሪያው መተላለፊያው ላይ፣ መጋዙ ብብት ውስጥ፣ በሩ አልዘጋ ብሎ። ጎሚስታውን አስቀመጡት፤ የልብሱን ሻንጣ እሷ በጭንቅላቷ ላይ ያዘች። "ምነው ሹማችን በመጣ!" አለ አናጺው፤ ሹሙን ሰድቦ ሲጨርስ ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ያን ቀን የሚቆጥር ሰው አልነበረም።

እህቱ በር ላይ ጠበቀቻቸው። ጠጋ በሉ ሻንጣውን አስገባች፣ መድኃኒቱን መስኮቱ ላይ ደረደረች፣ ትራሱን ሁለት ጊዜ ገለበጠች። አምስት ሰዓት ተኩል ላይ መመለሻው ይነሳል፤ ካመለጣት ሌላ የለም። ጎሚስታው እስከ በሩ ሸኛት። ሚስቱና እህቱ ከእሱ ቀልድ ይጠብቁ ነበር፤ እሱ ግን የበሩን ጉበን ይዞ ሚስቱን እንደ ልጅ አያት።

"መቼ ትመጪያለሽ?" አላት።

ሃያ ስድስት ዓመት፣ ማንም ሰው "የሚቀጥለው መቼ ነው?" ሲላት ሰዓት ሳታይ ትመልስ ነበር። አፏን ከፈተች። ማክሰኞ ልትል ነበር፤ ማክሰኞንም ለከርሞ ቆጥረው ሊያስቀሩት እንደሚችሉ ትዝ አላትና ኮሌታውን አስተካክላለት ወደ አውቶቡሱ ሄደች።