የእትዬ አስካለ ጀበና ወርቅ የሆነበት ሰሞን

በልጅነቴ ክፉ ነበርኩ። ሰው ስለ ልጅነቱ ሲያወራ «ተንኮለኛ ነበርኩ» ብሎ ፈገግ ይላል፤ እኔ ግን ልዩነቱን ስለማውቅ ክፉ ነበርኩ ነው የምለው።

አባቴ ሚዛን ተፈሪ ገበያ ዳር ትንሽ ወርቅ ቤት ነበረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ ደብተሬን ወርውሬ እዚያው እቀመጣለሁ። የአሲዱ ሽታ አፍንጫ ይሰነፍጣል፣ ከሰሉ ይንጣጣል፣ ውጭ ዝናቡ አያባራም። አባቴ ዕቃ ሲመጣለት ከሁሉ በፊት ገልብጦ ቂጡን ያያል። የፈረንሳይ ከሆነ ማህተሙን ፈልጊ ይለኝ ነበር፤ በማዕዘኑ የቆመ ባለ አራት ማዕዘን ማህተም ካለው ሙሉ ብር ነው፣ እንደ ሳጥን የተቀመጠ ከሆነ ግን ላዩን ብቻ ብር የለበሰ ቅብ ነው። ከጎኑ ቁጥር ካለ የተቀባውን ብር መጠን ይናገራል። ዘጠኝ ዓመት ሳይሞላኝ ይህን ሁሉ በቃሌ እወጣው ነበር።

እትዬ አስካለ ጎረቤታችን ነበሩ። በወጣትነታቸው ከጌጫ ወርደው፣ ከቴፒ ወዲያ በአንድ ፈረንሳዊ የቡና እርሻ ለዓመታት ወጥ ቤት ሠርተዋል። እርሻው ሲወረስ ሰውየው አገር ለቆ ሲሄድ የቡና ጀበናውን ሰጣቸው፤ እንደ ብር የሚያብረቀርቅ፣ አፉ እንደ ወፍ ምንቃር የሾለ፣ እጀታው ጥቁር እንጨት የሆነ ውብ ዕቃ ነው። ባልም ልጅም አልነበራቸውም። የቤታቸው ጣሪያ ያረጀ ሣር ስለነበር ዝናብ በመጣ ቁጥር አልጋቸውን ከጥግ ወደ ጥግ ሲጎትቱ ይሰማናል።

አንድ ቀን ጀበናውን ለአባቴ አመጡለት። ገልብጦ አየና ቅብ መሆኑን ነገራቸው። ግን ወፍራም ቅብ ነው፣ ምንም አልተጫረም፤ በየበጋው ከአዲስ አበባ የሚመጣው አሮጌ ዕቃ ገዢ ዋጋውን ያውቃል፣ ለቤታቸው ጣሪያ የሚበቃ ቆርቆሮ ያወጣላቸዋል። እትዬ አስካለ እጁን ሊስሙ ጎንበስ ሲሉ አባቴ ደንግጦ እጁን ሰበሰበ።

እኔ ደግሞ ያን ሰሞን ቂም ይዤባቸው ነበር። ከጓሯቸው ዘይቱን ስሰርቅ አይተው ለእናቴ ነግረውብኝ በበርበሬ ታጥኛለሁ። ዓይኔ አብጦ፣ ጓደኞቼ ሰኞ ማክሰኞ ሲጫወቱ ሁለት ቀን ሙሉ ዳር ቆሜ አየሁ። ስለዚህ አባቴ «ገዢው በሳምንቱ ይመጣል፤ ሂጂና ለእትዬ ንገሪያቸው፣ በለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይወልውሉት። አመድ ከነካው ቅቡ ይሄዳል» ብሎ ሲልከኝ፣ አጥሩን ሳልሻገር ነገሩ በጭንቅላቴ ተገለበጠ።

«አባዬ በአመድና በሎሚ ጥሩ አድርገው ይሹት ብሏል» አልኳቸው።

«አይጫርም?»

«አይጫርም።»

በሦስተኛው ቀን በአጥሩ ቀዳዳ ጠሩኝ። ጀበናውን ቀሚሳቸው ውስጥ ደብቀውት ነበር። ሆዱ ላይ የመዳፍ ያህል ቢጫ ወጥቷል። «አንቺ የአባትሽ ልጅ ነሽ፣ ታውቂያለሽ። ይኼ ምንድን ነው?» አሉኝ።

ናስ መሆኑን ሳየው አውቄያለሁ። ያኔ ማቆም እችል ነበር፤ ግማሽ ቅብ ይዘው ቢሄዱ እንኳ ግማሽ ቆርቆሮ አያጡም ነበር። «ወርቅ ነው እትዬ» አልኳቸው። «ብሩ ከላይ ልብሱ ነው። ግን ለማንም አይንገሩ፣ ለአባዬም ቢሆን። ይሰርቁዎታል።»

ከዚያ በኋላ አመድ ሲፋተግ ከግድግዳው ወዲያ እየሰማሁ አፌን በነጠላ አፍኜ እስቅ ነበር። ሳቁ ዛሬም ጆሮዬ ላይ አለ፤ ደስ የሚል የልጅ ሳቅ ነው፣ የሚያስጠላኝም ይኸው ነው።

ገዢው የመጣ ዕለት ጀበናው ከአፍ እስከ ቂጡ ቢጫ ሆኖ ቀረበ። ማህተሙ እንኳ ተፍቆ ጠፍቷል። ሰውየው አገላብጦ አየውና ሳቀ። «እማማ፣ ይሄማ ናስ ነው። ውሃ ያፍሉበት።» አባቴ ጀበናውን ተቀብሎ ማህተሙ የነበረበትን ቦታ በጣቱ ዳበሰ። እትዬ አስካለ አንዴ ወደ እኔ አዩ፣ ግን አላጋለጡኝም። ጀበናቸውን በነጠላቸው ጠቅልለው አባቴንና ገዢውን «ተመካክራችሁ ነው፤ ሁለታችሁም ሌቦች ናችሁ» አሉና ወጡ።

«ምን ብለሽ ነው የነገርሻቸው?» አለኝ አባቴ።

«እንዳልከኝ።»

አመነኝ። እትዬ አስካለ ባገኙት ገበያተኛ ሁሉ ፊት ሌባ ሲሉት ኖሩ፤ ገሚሱ ሰው ሳቀ፣ ገሚሱ ወርቁን ይዞ ሌላ ቤት ሄደ። አባቴ አንድም ቀን አልመለሰላቸውም፤ ስሙ እንደጎደፈ ሞተ። እሳቸውም ሐቀኛ ገዢ እየጠበቁ፣ ግድግዳው እስኪወድቅ ድረስ እዚያው ሣር ጣሪያ ሥር ኖረው፣ በመጨረሻ የእህታቸው ልጅ ጌጫ ወሰደቻቸው።

ዛሬ ሚዛን የሣር ጣሪያ ብርቅ ሆኗል። በወርቅ ቤቱ የምሠራው እኔ ነኝ፤ ዕቃ ገልብጬ እውነቱን ስለምናገር ሰው ያከብረኛል። ዘንድሮ እትዬ አስካለ ታመው አልጋ ይዘዋል ሲሉኝ ሚኒባስ ተሳፍሬ ጌጫ ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የምናገረውን እየደጋገምኩ አጠናሁ።

ዓይናቸው ስለደከመ በድምፄ አወቁኝ። ጀበናው ትራሳቸው ሥር ነበር። የእህታቸውን ልጅ ጠርተው «ይቺ ናት» አሏት። «አባቷ ሊሰርቀኝ ሲል ያዳነችኝ ልጅ። ከዚያ ሰፈር እውነት የነገረችኝ እሷ ብቻ ናት።» ከዚያ የከሳ እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። «እስቲ ልጄ፣ ስሞት ጀበናውን በርካሽ እንዳትሰጠው፣ ምን እንደሆነ ራስሽ ንገሪያት።»

የእህታቸው ልጅ አየችኝ። የእትዬ አስካለ ፊት በርቶ ነበር። የልጅነት ውሸቴ ቂም ነበረው፣ ትንሽም ቢሆን ሰበብ ነበረው። የአሁኑ ግን ፍርሃት ብቻ ነው፤ ያ የበራ ፊት ሲጠላኝ ማየት ፈራሁ።

«ወርቅ ነው» አልኩ።

እትዬ አስካለ እጄን ይዘው ሳሙኝ። «እንደ አባትሽ አያድርግሽ» ብለው መረቁኝ።

አሜን አልኩ።