በስተርጅና ጠለፋ

በስተርጅናዬ ጠላፊ ተባልኩ። ነገሩ የመጣው ከአንድ ቃል ነው።

ዕድሜዬን ስዞር ኖሬያለሁ። ደብረ ሲና ካለችው ልጄ ዘንድ እከርማለሁ፣ ብርዱ ሲጠናብኝ ወደ ጀውሃ፣ ወንድሟ ቤት እወርዳለሁ። አሁን ሸዋ ሮቢት ዳርቻ፣ ትንሿ ልጄ በማኅበር ባሠራችው ቤት አርፌያለሁ። ቤቶቹ አዲስ ናቸው፣ መንገዱም ኮብልስቶን ነው፤ ጥላ የሚባል ግን የለም። በቤቶቹ መሀል ለአረንጓዴ ቦታ በተተወችው መሬት ላይ የኒምና የማንጎ ችግኝ ተተክሏል። የቧንቧ ውሃ ብቅ ሲል ሰው ጀሪካኑን ይሞላል እንጂ ችግኝ አያጠጣም። የቆላ ዝናብ ደግሞ ዛሬ ጥሎ ተመልሶ እስኪመጣ መሬቱ ይሰነጠቃል። የሰፈሩ ኮሚቴ፣ ክረምቱ እስኪወጣ ካልጸደቁ ቦታው በኮንክሪት ተለብጦ መኪና ማቆሚያ ይሆናል አለ።

እኔ መዞር በቅቶኛል። የቀረችኝን ዕድሜ ከአንዱ ኒም ሥር ቁጭ ብዬ መጨረስ ነው የምፈልገው።

ሲዘንብ ከየጣሪያውና ከየኮብልስቶኑ የወረደው ውሃ በመንገዱ ዳር ቦይ እየጋለበ፣ የተጠሙትን ችግኞች በአጠገባቸው አልፎ ወንዝ ይገባል። አባቴ ቢያይ ያዝን ነበር። እኛ ቆላ ያረስነው በጎርፍ ነው። እኛ ዘንድ ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ደጋ ላይ የዘነበው ይመጣል፤ ድንጋይና ቅርንጫፍ ደርድረን ወደ ማሽላው እንመልሰዋለን። ጠለፋ እንለዋለን። ሁሉን አትይዝም፤ የድርሻህን አጠጥተህ ለታችኛው ትለቃለህ።

ኮሚቴው በጠራው ስብሰባ ላይ ተነሣሁና "እኔ እጠልፈዋለሁ" አልኩ።

ሰብሳቢው ልጅ እግር ነው። ስልኩን ሲነካካ ነበርና ግማሹን ብቻ ሰማ። "ማንን ነው የሚጠልፉት እማማ? ጠለፋ እኮ በሕግ ያስቀጣል።"

ከጎኔ የተቀመጠችው ጎረቤቴ የቀወት ገበሬ ልጅ ናት፣ ባልቴት፣ ምላሷ አያርፍም። "ከመጥለፍዎ በፊት ሽማግሌ እንላክልዎ፤ ጎርፍም ዘመድ አለው" አለች። ሰው ሳቀ።

"ጎርፉን ነው ልጄ" አልኩት።

"ቦዩን ከነኩት ውሃው የቤት መሠረት ይበላል። አይሆንም።"

"እሺ ልጄ።"

እሺ ያልኩት መስማቴን ነው እንጂ መስማማቴን አይደለም።

ጎረቤቴና እኔ ጆንያ በአሸዋ ሞልተን ቦዩ ላይ አግድም አጋደምን። ጠርዙን ነድለን፣ በየችግኙ ዙሪያ ጎድጎድ ያለ ማቆሪያ ቆፈርን። የመጀመሪያው ጎርፍ ጉድ አፈላ። የነደልነውን አፍ አስፍቼው ኖሮ ጭቃው፣ ፌስታሉና የማን እንደሆነ የማይታወቅ አንድ እግር ነጠላ ጫማ ከታችኛዋ ጎረቤት በረንዳ ገባ። ጠርጌ አጠብኩላት፣ አፉንም በድንጋይ አጠበብኩት። ሰብሳቢው መጥቶ ጆንያዎቹን አነሣ። መለስኳቸው። ደግሞ ሊያነሣ መጣ።

"እማማ፣ ከእርስዎ ጋር ምን ይሻለናል?"

"ምሳ በልተሃል?" አልኩት።

አልበላም ነበር። ቤት ገብቶ በላ፣ መረቀኝ፣ ሲወጣ ጆንያዎቹን አነሣቸው።

በሚቀጥለው ዝናብ መልሼ አጋደምኳቸውና ላያቸው ላይ ተቀመጥኩ። ሰብሳቢው ጃንጥላውን ይዞ እየሮጠ መጣ።

"ይነሡ፣ ውሃው ይወስድዎታል።"

"ቢወስደኝም ወደ ችግኞቹ ነው።"

ጎረቤቴ ከበረንዳዋ፣ "ተው አንተ፣ የተጠለፈችው ሙሽሪት ገና ቤቷ ሳትገባ ትረብሻለህ?" አለችው።

ምን ያድርግ? እየተነጫነጨ ጃንጥላውን በላዬ ይዞ ቆመ። ውሃው ከሥሬ ታጥፎ ማቆሪያዎቹን አንድ በአንድ ሲሞላ እሱም አየ። ከሞሉ በኋላ እኔው ተነሥቼ ጆንያዎቹን ገለጥ አደረግኩና የቀረውን ለታች ለቀቅሁት።

ማንጎዎቹ ሞቱ። ኒሞቹ ግን ቅጠል አውጥተዋል፣ አልሐምዱሊላህ። ኮሚቴው ውሳኔውን አላነሣም፤ ሲሚንቶው መጥቶ ሸራ ለብሶ ጥግ ላይ ተቆልሏል። በየጠዋቱ አጠገቡ አልፋለሁ። ወላሂ አልፈራውም።

ዛሬ በደብረ ሲና በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። እዚያ ያለችው ልጄ ደወለች።

"እማዬ፣ እዚህ ዶፍ ነው። ሙቀቱ አልመረረሽም? ወደኔ አትመጪም?"

"ዝናቡን ላኪልኝ እንጂ እኔስ አልመጣም" አልኳትና ጆንያዬን ይዤ ወጣሁ።