የአማከለች ኪኒን

አማከለች ከወረታ ወጣ ብሎ ሜዳው ላይ የምትኖር ሸክላ ሠሪ ነበረች። በሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ክረምት የኤችአይቪ መድኃኒት ስትጀምር ጭቃ ማቡካት አቅቷት ነበር። ጥር ሳይገባ ጉልበቷ ተመልሶ ድስት ተሸክማ ሐሙሲት ገበያ ትወጣ ጀመር።

ወረታ ጤና ጣቢያ መድኃኒቱን የምትሰጣት ነርስ ሰርክአዲስ በየወሩ የቀረውን ኪኒን ትቆጥራለች። ጥር ላይ ቆጥራ፣ ደግማ ቆጠረች። ዐሥራ አራት ይጎድላል።

«እትዬ አማከለች፣ ለሰው ሰጥተሻል?»

አማከለች አልሰጠሁም ብላ ማለች። እውነቷን ነበር። ሰርክአዲስ ግን አስጠነቀቀቻት፤ ጠዋትና ማታ ሳይቋረጥ ካልተዋጠ በሽታው መድኃኒቱን ይለምደዋል፣ ሐኪም ያላዘዘለት ሰው ቢውጠው ደግሞ ቆዳውን እስከ መላጥ ሊያደርሰው ይችላል አለቻት።

ባሏ አዛናው ሩዝ መፈልፈያ ቤት ጆንያ ይሸከማል። ከመስቀል ወዲህ ሳል ይዞታል፤ ተመርመር ስትለው ስሜን በከተማው አላስጠራም ይላል። ከነርሷ ዘንድ በተመለሰች በሦስተኛው ቀን አማከለች ጭቃ ይዛ ስትገባ፣ የኪኒኑን ብልቃጥ ከምትደብቅበት ጋን ውስጥ እጁን ሰዶ አገኘችው። ዐይን ለዐይን ተያዩ። ኪኒኑን ያለ ውኃ ዋጠው።

ለነርሷ ብናገር ጥሎኝ ይሄዳል፣ ብከለክለው ይሞትብኛል ብላ ፈራች። ስለዚህ ተካፈሉ፤ የጠዋቱን እሷ፣ የማታውን እሱ። በሚቀጥለው ወር ቁጥሩ ገጠመ። ሰርክአዲስ አመሰገነቻት፤ አማከለች ቀና ብላ ልታያት አልቻለችም።

መጋቢት ላይ የአዛናው ደረት ቀላ፤ ትኩሳትም ያዘው። የሩዙ ገለባ ነው፣ ዋንዛዬ ወርጄ በፍል ውኃው ብታጠብ ይለቀኛል አለ። በማግስቱ ከንፈሩ ቆሰለ፣ ዐይኑ አልገለጥ አለ። አማከለች በባጃጅ ወደ ጤና ጣቢያው ወሰደችው፤ ብልቃጡን ሰርክአዲስ ፊት አስቀመጠች።

«ይኸን ነው የዋጠው። እኔ ነኝ ያካፈልሁት።»

ሰርክአዲስ አልተቆጣቻትም። የዚያኑ ዕለት ባሕር ዳር ሆስፒታል ላኩት። ከወር በኋላ ቆዳው ተልጦ፣ ግራ ዐይኑ ጭጋግ ለብሶ ተመለሰ። ተመርምሮ በራሱ ስም ሌላ ዓይነት መድኃኒት ተሰጠው።

የአማከለች ዕዳ የመጣው ክረምቱ ሲገባ ነው። አፏ ውስጥ ነጭ ነገር ወጣባት፤ ሰውነቷም እንደገና ይከሳ ጀመር። ደሟ ተወስዶ ሲታይ በሽታው የፊተኛውን መድኃኒት ለምዶታል። ሰርክአዲስ አዲስ ብልቃጥ ሰጠቻትና ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣

«ይኸንንም ከለመደው፣ ከዚህ ወዲያ የምሰጥሽ የለኝም፣ እትዬ» አለቻት።

ያን ክረምት የርብ ወንዝ ሞልቶ ሜዳውን ሲያጥለቀልቅ፣ አማከለች ኪኒኑ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ወረታ ገብታ ከእህቷ ቤት ትሰነብት ነበር። ውኃው መንገዱን መቼ እንደሚቆርጠው የሚያውቅ የለም።