ከጭብጡ ውጭ የነበረው ጥያቄ

ባለፈው ሳምንት ቦንጋ ውስጥ ወደ ገበያ በሚያወርደው መንገድ ሁለት ባጃጆች ተጋጩ። ትራፊክ ፖሊሱ የአደጋውን ፕላን ሲያነሳ ሰው ከቦ ያያል፤ እኔም ኮረሪማና ቅቤ የያዘ ፌስታል አንጠልጥዬ ቆምኩ። "ሁለታችሁም የየራሳችሁን ብታሠሩ ምናለ?" አለ አንድ ሽማግሌ። ከሾፌሮቹ አንዱ ግን "እከሰዋለሁ" አለ። የዛሬ ስምንት ዓመት እኔም በዚያው ድምፅ ተናግሬ ነበር።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነው። ከአሥረኛ ክፍል በኋላ አልተማርኩም፤ የሞተር ሳይክል ጥገናን ያወቅኩት ራሴ እየፈታሁ በመግጠም ነው። የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ የምትሠራ መሠረት የምትባል ልጅ እወድ ነበር። አልነገርኳትም። ከሥራ ስትወጣ በሞተሬ ቤቷ አደርሳታለሁ፤ ይህን እንደ መናገር እቆጥረው ነበር።

ነሐሴ ላይ ነው። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም፤ የኮረብታው ቀይ ጭቃ አስፋልቱ ላይ ወርዷል። ኩርባውን ስዞር አንዲት ነጭ መኪና መስመሯን ስታ መጣችብኝ። መብራቴንና መስታወቴን ሰብራ ከነሞተሬ ቦይ ውስጥ ጣለችኝ። ክርኔ ተላጠ፤ ኪሴ ውስጥ የነበረው ስልክ ደቀቀ። ቀና ስል የሚነዳው የዩኒቨርሲቲ መምህር ነው፤ ከሌላ ክልል ተመድቦ የመጣ፣ በዚያ ጭቃ እንኳ ጫማው የሚያበራ። አጠገቡ መሠረት ተቀምጣለች። በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፋለች፤ ትከሻዋ ላይ የወንድ ጃኬት አለ።

ከዚያ በኋላ ክርኔን ረሳሁት።

በሰፈራችን የተጣላ የሚያስታርቁት ጋሽ ኃይሌ መምህሩን ይዘው ቤቴ መጡ።

"እሱም መስመር ስቷል፣ አንተም ፈጥነሃል። ወጪውን ግማሽ ግማሽ ቻሉና ተጨባበጡ" አሉኝ።

"አልፈጠንኩም፣ ጋሼ። በሕግ ይታይ።"

"ለአንድ መብራት?"

"ለአንድ መብራት።"

ጋሽ ኃይሌ መምህሩን አየት አደረጉና፣ "ይኼ ልጅ የተናደደው በመብራቱ አይደለም" አሉ።

ክሱን ራሴ ጻፍኩት። የፍትሐ ብሔር ሕጉን ከአንድ ተማሪ ተውሼ አነበብኩ፤ ጭቃው ላይ የቀረውን የጎማ ምልክት በእርምጃ ለካሁ፤ መብራት አንድ፣ መስታወት አንድ፣ ስልክ አንድ ብዬ ዘረዘርኩ። ምስክር አድርጌ የቆጠርኩት መሠረትን ነው። ከአደጋው ወዲህ ግን አላነጋገርኳትም፤ በሱቁ በር ሳልፍ ፊቴን አዞራለሁ። መምህሩ ሲገባ ደግሞ ስንት ደቂቃ እንደሚቆይ እቆጥራለሁ። አንድ ቀን አሥራ አንድ ደቂቃ ቆይቶ አንድ እስክሪብቶ ይዞ ወጣ። አንድ እስክሪብቶ ለመምረጥ አሥራ አንድ ደቂቃ ምን ያደርጋል እያልኩ ስብሰለሰል ዋልኩ።

በወረዳው ፍርድ ቤት መሠረት ቃለ መሐላ ፈጽማ ቆመች። ዳኛዋ መስመር የሳተው የትኛው እንደሆነ ጠየቋት።

"መኪናው ነው። ሞተሩ ቀኙን ይዞ ቀስ ብሎ ነበር የሚመጣው።"

ጉዳዩ እዚህ ላይ አለቀ። ዳኛዋ የምጨምረው ጥያቄ እንዳለኝ ሲጠይቁኝ የለኝም ብዬ መቀመጥ ነበረብኝ።

"ምስክር ከተከሳሽ ጋር ወዴት ስትሄድ ነበር?" አልኩ።

"ይኼ ከጭብጡ ውጭ ነው" አሉ ዳኛዋ።

"ልመልስለት" አለች መሠረት። "እናቴ ሆስፒታል ተኝታ ነበር፤ ሾርባ ይዤላት ነው። ዝናብ ስለነበር መጀመሪያ የደወልኩት ለከሳሽ ነው። ሁለት ጊዜ ደወልኩ፤ አላነሳም። መምህሩ ግቢያችን አዲስ የገባ ተከራይ ነው፤ እሱን ለመንኩት።"

ከሳሽ ያለችው እኔን ነው። በዝናቡና በሞተሩ ጩኸት ጥሪውን አልሰማሁም፤ ከዚያ ስልኩ ራሱ ደቀቀና ማን እንደደወለ ሳላውቅ ቀረሁ። ያንን ስልክ በሦስተኛ ተራ ቁጥር ጽፌ ካሳ ጠይቄበታለሁ።

ተፈረደልኝ። ከግቢው ስትወጣ ተከትያት፣ "ለምን አልነገርሽኝም?" አልኳት።

"ሱቅ ብቅ ብትል እነግርህ ነበር" አለች። "አንተ በመጥሪያ ጠየቅከኝ።"

መምህሩ በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ። መሠረት ሌላ ሰው አግብታ አሁን ደካ በሚባል ቦታ ነው የምትኖረው። ስለዚያ ክስ የሚጠይቀኝ ሲመጣ ማሸነፌን እናገራለሁ፤ ውሸት አይደለም። ያኔ ቅናቴ ፍትሕ ፍለጋ መስሎኝ ነበር፤ ሁለቱም ዝርዝር ስለሚወዱ ለመለየት አስቸግሮኝ ይሆናል። ዛሬስ ለቅቆኛል ወይ ብባል በመልሴ እርግጠኛ አይደለሁም። ባለፈው መስከረም ባሏን በሩቅ አየሁት። ከኔ ሁለት ጣት ያህል ያጥራል። ቁመቱን ለካው ያለኝ ሰው አልነበረም።