ስለ ጋሽ ሁሴን ፈረስ ተመስገን

ራስ ምታት ያለበት ሰው ይህን ይስማኝ። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ አሰላ ውስጥ በጸሐፊነት ተቀጥሬ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ነበር። የጎረቤቴ የጋሽ ሁሴን የጋሪ ፈረስ የሚታሰረው ልክ ከጭቃ ግድግዳዬ ጀርባ ነው። ታዲያ ገና ጎህ ሳይቀድ ግድግዳውን በኮቴው ይደበድበዋል። እንቅልፍ አጥቼ ራሴን ያመኝ ጀመር።

ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ በሽታህስ ንዴት ነው» አሉኝ። «በየጠዋቱ ያናደደህን ነገር እየጠራህ፣ ድምፅህን አሰምተህ እግዚአብሔርን አመስግን።»

ታዘዝኩ። ፈረሱ መደብደብ ሲጀምር ብድግ እልና፣ በጭላሎ ብርድ ጥርሴ እየተንቀጫቀጨ፣ «ጌታዬ ሆይ፣ ስለዚህ ፈረስ ተመስገን! ስለ አራቱም ኮቴዎቹ ተመስገን!» እላለሁ። መጀመሪያ ከአንገት በላይ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ግን፣ ብታምኑም ባታምኑም፣ ራስ ምታቱ ለቀቀኝ፤ ምግብም ይስማማኝ ጀመር።

አንድ እሑድ ጋሽ ሁሴን በሬን አንኳኩ። ዓይናቸው እንባ አቅርሯል።

«ወላሂ፣ ፈረሱ እንደሚረብሽህ ገብቶኝ ግቢው ጥግ ሌላ ጋጣ ሠርቼለት ነበር» አሉኝ። «ላዛውረው ስል ጸሎትህን ሰማሁ። ሚስቴም ሰማች። እንዲህ ከሚወደው ሰው እንዴት እለየዋለሁ ብዬ ተውኩት። አዲሱን ጋጣ ለበጎቹ ሰጠሁት፤ እሱ እዚሁ አጠገብህ ይኖራል። ደስ አለህ አይደል?»

ራሴን በሁለት እጄ ይዤ፣ «ተመስገን» አልኩ።