አንድ ዓይን

ትናንት አንድ የቅርስ ነጋዴ ሥዕል ይዞ ቢሮዬ መጣ፤ ጥቅልሉን ገና ሲፈታው አስነጠሰኝ። ሙያዬ የድሮ ሥዕል መመርመር ነው፤ በትርፍ ጊዜዬ ደግሞ የወንጀል ልብ ወለድ እጽፋለሁ፣ ባልደረቦቼም ቀን ከጻድቃን ማታ ከነፍሰ ገዳይ ነው ውሎሽ እያሉ ይቀልዱብኛል። ያስነጠሰኝ ግን የድሮ አቧራ አልነበረም። ከቀለም ጋር የተቀላቀለ በርበሬ ነበር፤ ይህን ሽታ የማውቀው ከአንድ ቤት ብቻ ነው።

ያደግሁት መርካቶ፣ ከበርበሬ በረንዳ ጀርባ ነው። ወፍጮ ቤቱ ከአጥራችን ጋር የተለጠፈ ስለነበር ግቢው ሲያስነጥስ ውሎ ሲያስነጥስ ያመሻል፤ ሰላምታችን ራሱ "ይማርሽ"፣ "ያኑርሽ" ነበር ማለት ይቻላል። ከሁሉ ቀድመው "ይማርሽ ሆዴ" የሚሉኝ የሠዓሊው የጋሼ መኮንን ሚስት እትዬ ውዴ ናቸው። ልብስ ሲያጥቡ ይዘፍናሉ፣ እናቴ ሬዲዮኗን የምትዘጋው ያኔ ብቻ ነበር። ጋሼ መኮንን ለቤተ ክርስቲያን በአቡጀዲ ላይ ይስላሉ፤ ቀለሙ እስኪደርቅ የወፍጮው ብናኝ ይለጠፍበታል። ዝምተኛ ሰው ናቸው፤ ሚስታቸውን ብቻቸውን ከግቢ አያስወጡም። እትዬ ውዴ ክረምት ከበጋ እጅጌው ረጅም ቀሚስ የሚለብሱት ለምን እንደሆነ ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ የሚናገር ግን አልነበረም።

ከትምህርት ቤት ስመለስ፣ እናቴ የሠራችልኝን አረንጓዴ ሹራብ እንደለበስኩ ደጃቸው ቁጭ ብዬ ሲስሉ አያለሁ። ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ ነው፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል፤ ክፉ ሰው በጎን ይሳላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይሁዳ አንድ ዓይን ነው፣ ሰይጣንም እንደዚያው። የቅድስቶቹ ሁሉ መልክ ደግሞ የእትዬ ውዴ ነበር፣ ጉንጫቸው ላይ ያለችው ማርያም የሳመቻቸው ምልክት እንኳ አትቀርም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲኦል ሲስሉ ደረስኩ። እሳቱ ዳር ያለችው ሴት ጉንጯ ላይ ያቺው ምልክት አለች። ፊቷ ወደ ጎን ዞሯል፣ አንድ ዓይን ብቻ ነው ያላት።

ሮጬ ሄጄ "እትዬ፣ ጋሼ እርስዎን አንድ ዓይን አድርገው ሳሉዎት" አልኳቸው፣ የሚስቁ መስሎኝ። አልሳቁም። የሠዓሊ ሚስት ናቸው፣ ምን ማለት እንደሆነ ከእኔ የበለጠ ያውቁታል። ልብሱን እሳፋው ውስጥ ተዉት፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ፣ ግንባሬን ስመው፣ ነጠላቸውን ተከናንበው ወጡ። በመሳለሚያ በኩል ሲሄዱ ያየ አለ፤ ከዚያ ወዲያ ያያቸው የለም። አመሻሹ ላይ ጋሼ መኮንን ደጃችን ቆመው "ማን ነገራት?" አሉ፣ ቀስ ብለው። እናቴ "ምኑን?" አለች። እሳቸው የሚያዩት ግን እኔን ነበር፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሊስሉ ሲሉ እንደሚያዩት። ብዙም ሳንቆይ ቤት ቀየርን።

ከዚያ ወዲህ በልብ ወለዶቼ ስንቱን ገዳይ አስይዤአለሁ። እትዬ ውዴን ግን አንድም ቀን አልጻፍኳቸውም፣ እሳቸው አምልጠዋላ። የሆነ ከተማ፣ የሆነ ግቢ ውስጥ ልብስ እያጠቡ ይዘፍናሉ፤ ክፉ ቀን ሲገጥመኝ በዚህ ነበር የምጽናናው።

ነጋዴው ሥዕሉን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። ሲኦል ነው። እሳቱ ዳር አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ትንሽ ልጅ በጎን ቆማለች፣ አንድ ዓይኗ ፈጧል። ከአጠገቧ እትዬ ውዴ አሉ። ጉንጫቸው ላይ ምልክቷ አለች፣ ፀጉራቸው ግን ሸብቷል። ያን ቀን ከቤት ሲወጡ አንድ ሽበት አልነበራቸውም።

ሹራቡን በጣቴ ነካ አደረግሁት፤ ጣቴ አረንጓዴ ሆነ።

"ማን ሰጠህ?" አልኩት።

"አንድ ሽማግሌ ናቸው። ድሮ ጎረቤቴ ነበረች፣ ስታየው ታውቀዋለች አሉኝ።"

ጋሼ መኮንን የእትዬ ውዴን ሽበት አይተውታል ማለት ነው። አግኝተዋቸዋል። ያን ሁሉ ዓመት በልቤ ስሰማው የኖርኩት ዘፈን እዚያው ጠረጴዛዬ ላይ ቆመ። በርበሬው እንደገና አስነጠሰኝ፤ ነጋዴው ስልኩን እያየ ነበር፣ ይማርሽ የሚለኝ ጠፋ።