የአባተ ቤት ስንት ያወጣል?

ውበቱ ገማች ነበር። በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ እስከ ወግዲ ድረስ፣ እህል ሳይታጨድ ስንት እንደሚወጣው የሚናገር ሰው ሲፈለግ የሚጠራው እሱ ነው። የማሳውን ዳር ይዞ ይዞራል፣ መሀል ገብቶ ዘለላ ይቀነጥሳል፣ በመዳፉ አሽቶ እፍ ይልና ፍሬውን በጥርሱ ይሰብራል። ከዚያ የባለ ርስቱን ድርሻ ይናገራል። ጭሰኛው አበዛብኝ፣ ባለ ርስቱ አሳነሰብኝ እያሉ ሁለቱም እኩል ስለሚያሙት፣ አገሩ ፍርዱን አምኖ ይቀበል ነበር።

ድርቁ ሲመጣ የሚገመት ጠፋ። ሚስቱን ድንቅነሽን የቀበረው በዚያው ክፉ ዘመን ነው። ሰው ስለ እሷ ሲያነሳበት «ደህና ሴት ነበረች» ይልና ወሬውን ወደ ዝናቡ ያዞራል። በስድሳ ሰባት የካቲት የመሬት አዋጅ ሲታወጅ ደግሞ ባለ ርስቱም ግምቱም አብረው ቀሩ። ውበቱን ብዙም አልከፋው፤ ዓይኑ ግን ሥራ መፍታት አልቻለም። ያለፈ ያገደመ አህያ ጭነቱ ምን ያህል እንደሚሆን ይገምታል። ቄሱ ስብከት ሲጀምሩ የት ላይ እንደሚያበቁ በሆዱ ይገምታል።

አዋጁ ከወጣ ብዙም ሳይቆይ እታገኘሁ ደጁ መጣች። የአባተ ሚስት ነበረች። አባተና ጀላል ገበያው ዳር ሬዲዮ፣ የስፌት መኪናና የማሾ መብራት የሚጠግኑበት ቤት በሽርክና ከፍተው ነበር፤ ቤቱና ዕቃው የአባተ፣ እጁ የጀላል። አባተን በድርቁ ማግስት ተስቦ ወሰደው። አሁን አንድ የደሴ ነጋዴ ዕቃውን ልግዛ ብሎ መጥቷል። ጀላልም ሽጪው፣ እኔ ደሴ ሄጄ እቀጠራለሁ ብሏታል። ሦስት ልጆች አሏት፤ የእርዳታው ስንዴ ቀርቷል። ቤቱ ስንት እንደሚያወጣ ሽማግሌ ይገምትልኝ አለች። ከጀላል ወገን የቁርአን አስተማሪው ሸህ አብዱሰላም፣ ከእሷ ወገን ውበቱ ሆኑ።

ውበቱ ሬዲዮ ሲናገር እንጂ ሲጠገን አይቶ አያውቅም። እንደ ልማዱ ቤቱን ዞረው። ዕቃውን አንድ ባንድ እያነሳ በእጁ መዘነው። አንዱን ትልቅ ባለ እንጨት ሬዲዮ ሲያነሳ «ይኸስ የሰባ ነው» አለ። ጀላል ሳቁን ዋጠ።

«እሱ የሞተ ነው፣ አያ ውበቱ። ለመለዋወጫ ዕቃ ነው የማስቀምጠው። የሚናገረው ያ ትንሹ ነው።»

ሸሁ ጺማቸውን ይዘው ወደ ደጅ ዞሩ። ውበቱም አላፈረም፤ ገረመው እንጂ። በሬ ቢሆን የሞተውን ከቆመው መለየት ማን ያቅተዋል? ካቻቪቴውን፣ ፒንሳውን፣ መበየጃውን፣ ጠረጴዛውን ሁሉ ደምሮ በልቡ ሲገምተው፣ ዋጋው የእታገኘሁን ልጆች እስከ ክረምት እንኳ የማያደርስ ሆነበት። ዓይኑ ግን እሺ አላለም። ለገበያ ቀን ልመለስ፣ ሰው ሲገባ ሲወጣ ልየው አለ።

በገበያው ቀን በራፉ ላይ በርጩማ ይዞ ተቀመጠ። የሚመጣውን ሁሉ ከየት ነህ፣ ማን ነገረህ፣ ለምን እዚህ መጣህ እያለ ጠየቀ። አንዱ ከከላላ ሬዲዮውን በጋቢ ጠቅልሎ በበቅሎ አምጥቷል፤ አዋጁን ጎረቤቱ ሰምቶ እሱ ስላልሰማ እንቅልፍ አጥቷል። ሌላዋ የስፌት መኪናዋን ጥላ ሄደች፤ ምልክት እንኳ አልጠየቀችም። ለምን ቢላት «የአባተ ቤት አይደለም እንዴ?» አለችው። ጀላልን በስም የጠራ እምብዛም አልነበረም። ሁሉም የአባተ ቤት ይላል። አባተ ግን ከሞተ ቆይቷል።

ውበቱ ይህን እንደ አዲስ እህል አየው። ስሙ የሟቹ ነው፣ እጁ የጀላል ነው፣ ብረቱ የእታገኘሁ ነው። ሦስቱ ሲለያዩ ምን ይተርፋል? ብረቱን ነጋዴው ይወስደዋል። ጀላል ደሴ ሲደርስ ማንም የማያውቀው አንድ ተቀጣሪ ነው። ስሙ ደግሞ ቤት ሲያጣ ይረሳል።

በማግስቱ አራቱ ቤቱ ውስጥ ተቀመጡ። ጀላል ነገሩን አሳጠረው። ዕቃው እንዳለ የእሷ ይሁን፣ እኔ የማውቀውን ይዤ እሄዳለሁ፤ የማውቀው የራሴ ነው አለ።

እታገኘሁ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ድምጿን ሳታነሳ ተናገረች።

«ስትመጣ የምታውቀው ማሾ ብቻ ነበር። ሬዲዮ ተምረህ ና ብሎ አስመራ የሰደደህ ማን ነው? ቦራውን በሬያችንን ሸጦ አይደለም? እኛ በዚያ ዓመት በጎረቤት በሬ አረስን። ያ በሬ ራስህ ውስጥ ነው ያለው፣ ጀላል። እሱንም ይዘህ ልትሄድ ነው?»

ነገሩ እውነት ነው። ውበቱ ነቃ አለ፤ በሬ ሲባል የሚያውቀው አገር ገባ። ባለ በሬና አራሽ እንዴት እንደሚካፈሉ ያውቃል። እንዲህ ሲል ፈረደ፦ ዕቃ አይሸጥ፣ ጀላል እዚሁ ይሥራ፣ ከሚገባው ላይ እኩሌታው ለእታገኘሁ ይሁን፤ እሱ ራሱ በየገበያው እየመጣ ይገምትላቸዋል።

ጀላል ሳቀ። ክፋት የሌለበት ሳቅ ነው፣ ግን ያማል።

«አያ ውበቱ፣ ይኸ ሬዲዮ ጠዋት ማታ መሬት ላራሹ ሲል እየሰሙ፣ እኔን በራሴ ራስ ላይ ጭሰኛ ሊያደርጉኝ ነው?»

ሸሁም ፈገግ አሉ። ውበቱ ዕድሜውን ሙሉ የኖረበት ፍርድ ነው፤ ሌላ አያውቅም። ቀስ ብሎ «እንግዲህ እኔ የማውቀው ይኸንኑ ነው» አለ። ከዚያ ወደ ሸሁ ዞሮ ከልቡ ጠየቃቸው፤ እርስዎ ስንቱን ደረሳ ቁርአን አስተምረዋል፣ ሲሄዱ ይዘውት ነው የሚሄዱት፣ ለመሆኑ ምን ጎደለብዎ?

«ምንም» አሉ ሸሁ። «እንዲያውም ሳስተምር ነው የጠናልኝ። ለዱንያ ዕቃ ግን እንዲህ ይሁን አይሁን እንጃ።»

ከውጭ አህያ ሲነዱ ይሰማል። እታገኘሁ ቀና አለች።

«እኩሌታውም ይቅር። ጭሰኛ አልሻም። በሬዬን በገባበት መንገድ መልስልኝ።»

«እንዴት ብዬ?» አለ ጀላል።

«አስተምረኝ።»

ጀላል ሸሁን አየ፣ ውበቱን አየ። ሴት ሬዲዮ ስትፈታ የሚያየው ገበያተኛ ምን እንደሚል ሳያስብ አልቀረም። እሷ ስትችል እሱ ምን እንደሚቀረውም አስቦ ይሆናል። ረጅም ጊዜ ይፈጃል አላት። ልጆቼም ረጅም ጊዜ ነው የሚበሉት አለችው። እስኪያስተምራት ደሴ አይሄድም ማለት ነው፤ ዕቃውም አይሸጥም። እስክትችል የሚገባውን አብረው ይበላሉ። ከቻለች በኋላ መሄድም መቅረትም የእሱ ፈንታ ነው፤ እሷም ሰው ሳትጠብቅ በሯን ትከፍታለች። በመጨረሻ ጀላል እሺ አለ።

«ዱዓ እናድርግ» አሉ ሸሁ። አደረጉ። ውበቱም አሜን አለ።

ነጋዴው የዚያኑ ቀን በባዶ በቅሎ ተመለሰ። ሰዎች ውበቱን ስንት ገመትከው ሲሉት፣ ይኸስ አልተገመተልኝም ይል ነበር፤ አገሩም ውበቱ አረጀ ብሎ አማው። ማስተማሩም እንደ ወሬው ቀላል አልሆነም። እታገኘሁ እጇን ደጋግማ አቃጠለች፤ አንድ የአቀስታ ሰው ሴት አትነካብኝም ብሎ ሬዲዮውን ከእጇ ነጥቆ ሄደ፤ ጀላልም አንዳንዴ ይሰለቻል፣ ሲሰለች ይቆጣል፣ እሷም ትመልስለታለች።

ውበቱ ግን መምጣቱን አልተወም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሲደርስ ሁለቱ አንድ ሬዲዮ ከፍተው አጎንብሰዋል። መበየጃው በእሷ እጅ ነው። ጀላል እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንዳይነካ ራሱን አስሮ ቆሟል። ውበቱ ምኑ ከምኑ እንደሚገናኝ ሊያይ በሁለቱ መሀል አንገቱን ሰደደ።

«አያ ውበቱ፣» አለች እታገኘሁ ቀና ሳትል፣ «ብርሃኑን ጋረዱኝ።»

ወደ ጎን ፈቀቅ አለላትና ማየቱን ቀጠለ።